የማይጮኸው ጣራ

ያን ቀን ጠዋት ሰብለ ወንጌል ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ገብታ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። መጀመሪያ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ነፋሱን ጠላችው። ወደ ጓዳው ጠጋ አለች፤ ጨለማውን ጠላችው። መሀል ወንበር ስትስብ፣ ሻይ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ስትዞር የነበረችው አስተናጋጅ ሰለቻትና፣ "እትዬ፣ ወንበራችን እሾህ አለው እንዴ?" አለቻት። እሾሁስ ወንበሩ ላይ አልነበረም። በሰብለ ሆድ ውስጥ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ሰብለ የብቸና ልጅ ናት፤ የቅኔ መምህሩ የየኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአካባቢ ጤና ተማረችና ሞጣ ተቀጠረች። ሚሊኒየሙ ተከብሮ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን አንድ ፕሮጀክት መጣ። "በየከተማው ያሉ አሮጌ ቤቶች አስቤስቶስ አለባቸው፤ እሱን እየዞረ የሚመረምር ባለፈቃድ ገምጋሚ ልናሠለጥን ነው" አለ። አስቤስቶስ ማለት እንደ ቃጫ የሚተለተል ድንጋይ ነው። የድሮ ሰዎች ከሲሚንቶ ጋር እያቦኩ ጣራ ሠሩበት። እሳት አይበላው፣ ዝናብ አያበሰብሰው፣ ምን የመሰለ ነገር! ሲሰበር ግን ዓይን የማያየው ቃጫ ከአቧራው ጋር ይነሣና ሰው ሳንባ ውስጥ ይሰካል። ተሰክቶም ዝም ይላል። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ይቆይና ሰውየው ነገሩን ከረሳው በኋላ በሳልና በካንሰር ብቅ ይላል።

ሰብለ ለሥልጠናው ባሕር ዳር ሄደች፣ የጽሑፉን ፈተና ከሁሉ በልጣ አለፈች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በፈታኝ ፊት አንድ ሕንፃ መገምገም። እሱን ካለፈች ፈቃዱ በእጇ ነው። ሕንፃውን ምረጪ ሲሏት ሳታቅማማ የአባቷን ተማሪዎች ማደሪያ መረጠች።

ያ ቤት ብቸና ላይ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያለ ረዥም የጭቃ ቤት ነው። ክዳኑ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ያለ፣ ወፍራም ነገር። አንድ ነጋዴ አሮጌ መጋዘን ሲያፈርስ "ስዕለቴ ነው" ብሎ ለየኔታ ሰጣቸው። የኔታም ወደዱት፤ የወደዱበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ሰው የማያስበው ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ይጮኻል። የቅኔ ተማሪ ክረምቱን ሙሉ አፍ አፍ እያየ ይቀመጣል እንጂ መምህሩ ያሉትን አይሰማም። ይሄኛው ግን የፈለገው ዶፍ ቢወርድበት አይጮህም። የኔታ ከሥሩ ተቀምጠው በሹክሹክታ እንኳ ቅኔ ቢዘርፉ ጥግ ያለው ተማሪ ይሰማል። "እግዚአብሔር ለቅኔ ብሎ የሠራው ጣራ ነው" ይሉ ነበር።

ሰብለም በልጅነቷ ከዚያ ቤት ግድግዳ በስተውጭ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በስተውጭ ነው ያልኩት፤ ሴት ልጅ ከውስጥ አትቀመጥም። ወንድሟ ቀለሙ ከውስጥ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ እሷ ከውጭ ሆና ቅኔውን በቃሏ ትይዛለች። ይሄ ነገር ከሆዷ ወጥቶ አያውቅም። አባቷ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ይወዷታል። ግን አንድም ቀን "ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለዋት አያውቁም። እንግዲህ ፈቃድ ፈቃድ እያለች እንቅልፍ ያጣችው ለደሞዝ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ከፈተናው በፊት ባለው እሑድ ብቸና ወርዳ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ዳቦና ጠላ ይዞ ተሰብስቧል። የኔታ ምን እንደ ነካቸው እንጃ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እስቲ ሰብለ፣ ይሄ ትምህርትሽ ስለ ምንድን ነው? ለሰው ንገሪ" አሏት። ሰብለ ተነሣች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አሠልጣኛቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጆሯቸው እስኪደነቁር የነገራቸው አንድ ሕግ ነበር። "አስቤስቶስ ካልነካችሁት አይነካችሁም። ደህና የሆነ ክዳን ባለበት ይቆይ። ሰው ሲደነግጥ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል 'አትንኩት' ይሁን፤ ስለ መርዙ ከዚያ በኋላ።" ሰብለ ይህን ታውቃለች፤ በፈተናው ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች።

ግን ስትነሣ ከአፏ የወጣው፣ "ያ የተማሪዎቹ ጣራ መርዝ ነው!" የሚል ሆነ። "ሳንባ ይበላል። ዛሬ አይታይም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የሚገድለው።" ሰዉ "እግዚኦ!" አለ። አንዱ ዋንጫውን አስቀመጠ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ያቺ ከግድግዳ በስተውጭ ያደገች ልጅ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣት፣ ምን ልበላችሁ፣ ጣፈጣት። የቀረውን ልትቀጥል አፏን ስትከፍት አንዷ አቅፋ ሳመቻት፤ ሌላዋ መረቀቻት፤ አንዱ "የየኔታ ልጅ ናትና!" አለ። የሞጣ ሚኒባስ ደግሞ ጡሩንባውን ይነፋል። "የቀረውን ፈታኟን ይዤ ስመጣ እነግራቸዋለሁ" ብላ ሮጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው እሾሁ የጀመራት። ደግሞ ራሷን አጽናናች፤ "ማን ይነካዋል? ሰዉ በእርሻ ተወጥሯል። በዓል የሆነ እንደ ሆነ እጁን አያነሣም። ፈተናው ደግሞ በሚካኤል ዕለት ነው።" እንዲህ እያለች ሰነበተች።

እሺ። ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ሦስተኛው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። ቀለሙ ነው።

"ሰብልዬ! እንኳን ለሚካኤል አደረሰሽ!" አለ እየጮኸ። ከኋላው ሰው ይዘፍናል። የብዙ ወንድ ድምፅ ነው፤

*አውርደው አውርደው ድንጋይ ቢሆን እንኳ፣*
*የየኔታ ሥራ አይከብድም ለካ!*

"ምንድን ነው እሱ ጫጫታ?" አለች።

"ደቦ ነዋ! የኔታ ጠርተው ነው። አገር ነው የመጣልሽ! መርዝሽን እያወረድንልሽ ነው። ፈታኟን ይዘሽ ስትመጪ ንጹሕ ቤት ታሳያታለሽ። ሰማሽኝ? አንደኛ ነው የምትወጪ!" በስልኩ ውስጥ አንድ ወፍራም ነገር ሲሰበር ተሰማ፤ ሰዉ እልል አለ። ከዚያ ስልኩ ጭጭ አለ።

ሰብለ ደግማ ደወለች። "አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም" አለቻት ያቺ የስልክ ሴትዮ በዚያ በማይለወጥ ድምፅዋ። ጎረቤት ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። የኔታ ስልክ የላቸውም። አስተናጋጇን "ውኃ ስጪኝ" አለችና ውኃው ሳይመጣ ወጣች።

አዬ ሞኝነት! የሚካኤል ዕለት ሰው እጁን አያነሣም ብላ ነበርኮ። ለራሱ እርሻ አያነሣም። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ለአቅመ ደካማ ሲሆን፣ ለየኔታ ሲሆን ግን ጽድቅ ነው፤ ይልቁንም በሬው የሚፈታው፣ እጅ ሁሉ ባዶ የሚሆነው በበዓል ነውና ደቦ የሚጠራው በዚሁ ቀን ነው። ይህን ብቸና ላይ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሷም ታውቀው ነበር፤ የከተማ ወንበር አስረሳት።

ፈታኟ ወይዘሮ ሄለን ከባሕር ዳር በፕሮጀክቱ መኪና መጡ። ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ሲያዩ ብዙ፣ ሲናገሩ ጥቂት። ሾፌሩ ሰማው ይባላል። ሰብለ ከኋላ ገባች። "ደህና አደርሽ? ተዘጋጅተሻል?" አሏት። "አዎ" አለች።

ከሞጣ ሲወጡ ልትነግራቸው አሰበች። ብትነግራቸው ፈተናው አለቀ። ገምጋሚ ነኝ ብላ ቀርባ፣ የገዛ አፏ ያስፈረሰውን ጣራ ይዛ! ዝም ብትል ደግሞ ስትደርስ ያው ያዩታል፤ ግን ምናልባት፣ "ሕዝቡ በራሱ ነው ያፈረሰው" ማለት ይቻላል። አዎ፣ ይቻላል። እኔን ማን አየኝ? ይህን ስታስብ ሰማው በዝግታ ይነዳል፤ በሬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያይ እንኳ ጡሩንባ አይነፋም፣ ይጠብቀዋል። ሰብለ በልቧ ሰማውንም በሬውንም ረገመች። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ስልኳን አወጣች፣ መለሰች። አንድ ክዳን ሲሰበር፣ ቀለሙ አፉን ከፍቶ ሲዘፍን፣ አቧራው ሲገባ ታያት። ግንደወይን ላይ ሰማው ቁርስ ልብላ አለ። እሷ ከመኪናው አልወረደችም፤ ደግሞ ውስጡ መቀመጥም አቃታትና ወርዳ መኪናውን ዞረችው።

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ወይዘሮ ሄለን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ስለዚች ማርያም እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። ሰማው፣ አንዴ አቁምልኝ፤ ተሳልሜ ልምጣ። ቸኩለናል እንዴ?"

መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሄለን ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ እግራቸውን አወረዱ።

"ቸኩለናል!" አለች ሰብለ። ድምፅዋ እንደ ልቅሶ ነበር። "እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ቸኩለናል። ጣራውን እያፈረሱት ነው። በደቦ። አሁን፣ ስንነጋገር እያፈረሱት ነው።"

"ማን አዘዛቸው?"

ሰብለ የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት። ከሞጣ ጀምሮ ስታሰማምረው መጥታለች። አላወጣችውም። "እኔ። መርዝ ነው ብዬ ነገርኳቸው፤ አትንኩት አላልኳቸውም።"

ወይዘሮ ሄለን እግራቸውን መለሱ። በሩን ዘጉ። "ሰማው፣ ንዳ" አሉ። ሰማውም፣ እግዜር ይስጠው፣ መንዳት የሚችል ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አሳየ።

ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ሄለን ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ "ስንት ሰው ይሆናል?" አሉ።

"ደቦ ነው።"

"ደቦ ስንት ሰው ነው?"

"የመጣው ሁሉ" አለች ሰብለ።

ብቸና ሲደርሱ ዘፈኑ ከሩቅ ተሰማ። ሰብለ መኪናው ሳይቆም ወረደች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገር ተሰብስቧል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው። በዓል ነውና ሁሉም ነጭ ለብሷል። የጣራው ግማሽ ወርዷል። ከላይ ያሉት በመጥረቢያ ጀርባ ምስማሩን ይመታሉ፣ ክዳኑን ይለቁታል፤ ከመሬት ሲደርስ ይከሰከሳል። ሴቶቹ ስብርባሪውን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጋሉ። አቧራው ከሰዉ በላይ ተንሳፍፏል። ነጩ በነጭ ላይ አርፎ የሰውን ልብስ ከአቧራው መለየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ከጣራው አናት ላይ ቆሞ ዘፈኑን የሚያወጣው ቀለሙ ነው፤ ፀጉሩ በአቧራው ሸብቷል።

የኔታ ከመሀል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የመጀመሪያው ስባሪ አለ። በደቦ የመጀመሪያውን የሚያነሣው ባለቤቱ ነውና እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሰበሩት። ጥምጣማቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ አቧራ። ሰብለን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"መጣሽ? እዪ እንግዲህ! ልጄ ለፈተናዋ..."

"አባባ፣ ያስቁሟቸው!"

"ምን አልሽ?"

"ያስቁሟቸው እባክዎ! ካልነኩት አይጎዳም ነበር!" ዞራ ወደ ጣራው ጮኸች፤ "ቀለሙ! ውረድ! ተዉት!" ማን ይስማት? ደቦ ከሞቀ በኋላ ጆሮ የለውም። ቀለሙ እጁን አውለበለበላትና በእሷ ስም ግጥም አወጣላት። ሰዉ ተቀበለው።

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። "ባለፈው እሑድ በማኅበሩ ፊት ቆመሽ መርዝ ነው አልሽ። አገር ሰማ። እኔም ሰማሁና ደስ አለኝ። የምወደውን ጣራ ልጄ ካለችማ ይውረድ አልኩ። ዛሬ ደግሞ ተዉት ትያለሽ። የቷን ሰብለን ልስማ?"

'ልጄ ካለችማ' አሉ። ሰብለ ይቺን ቃል ስትጠብቃት ነው የኖረችው፤ ስትመጣ እንዲህ ሆና መጣች!

"ሁለቱም እውነት ነው አባባ" አለች። "መርዝ ነው። የሚገድለው ግን ሲሰበር ነው። ግማሹን ነግሬዎት ግማሹን ዋጥኩት። ሰው ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ ነው የዋጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የማንም አይደለም። በእርስዎ ቃል ካልሆነ የሚቆም የለም።"

የኔታ አዩዋት። ከኋላዋ የቆሙትን እንግዳ ሴት አዩ። ግዝት የሚባለውን ነገር እንደ ዋዛ አይናገሩትም፤ ተማሪ ሲጣላ፣ ወሰን ሲገፋ፣ "ገዝቱልን" ሲሏቸው "ተነጋገሩ፣ ምላስ አላችሁ" ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው። ተነሡ። መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ! ገዝቻለሁ! ከአሁን በኋላ ከዚህ ክዳን አንዱን የነካ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!"

ዘፈኑ ተቆረጠ። መጥረቢያ የያዘ እንደ ያዘ፣ መጥረጊያ ያነሣች እንዳነሣች ቀረች። ሕፃን ሲያለቅስ ብቻ ተሰማ።

ከአናቱ ላይ ቀለሙ አንድ ሙሉ ክዳን ግማሽ ነቅሎ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። "አባባ!" አለ። "እኔ ይዤዋለሁኮ! ብለቀው ይሰበራል፣ ብይዘው ተወገዝኩ! ምን ልሁን?" በሌላ ቀን ቢሆን አገር ይስቅ ነበር። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

የኔታ መቋሚያቸውን ሳያወርዱ ዞሩ። "ይህች ልጅ የፈቀደችው ሲቀር" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ። "እሷ የፈቀደችለት ይንካ። ሰብለ፣ ምን ትያለሽ?"

ሰብለ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ቀለሙ፣ ቀስ ብለህ መልሰው። አትጣለው። አዎ፣ እንዲያ። አሁን እጅህን አንሣና እንጨቱን ብቻ እየረገጥክ ውረድ። ላይ ያላችሁ አንድ በአንድ ውረዱ። ሴቶች፣ መጥረጊያውን ጣሉ፤ ማንም እንዳይጠርግ፣ ማንም ልብሱን እንዳያራግፍ። ውኃ አምጡ፤ አቧራው ሳይነሣ ይርጠብ!"

"ውኃ የታለ?" አለ አንዱ። "ቧንቧው ከጠፋ ሰነበተ።" የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉት ይሄ ነው። ወንዝ ተወርዶ እስኪመጣ ነፋሱ አቧራውን ከተማ ያዞረዋል።

ሰብለ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዛፉ ጥላ ሥር የደቦው ጠላ አለ፤ እትዬ ጥሩአየሁ ለዛሬ ብለው የጠመቁት፣ አፉ በቅጠል የተከደነ ጋን በጋን።

"ጠላው ይፍሰስ" አለች።

"ምን?" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። "ምን አልሽ አንቺ ልጅ? የሚካኤልን ጠላ? ጌሾ የወቀጥኩበት ክንዴ ገና አላረፈም!" ከጋኑ ፊት ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉ። "በላዬ ላይ ካልሆነ አይፈስም!"

"ጥሩአየሁ፣ ሰምተሻታል" አሉ የኔታ። "አፍሺው።"

እትዬ ጥሩአየሁ እያለቀሱ ራሳቸው ቀዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። በዋንጫ፣ በጣሳ፣ በእንስራ ያ ጉሽ ጠላ በስብርባሪው ላይ ፈሰሰ፤ አቧራው ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ አገር ጌሾ ጌሾ ሸተተ። ሲጠማው የዋለ ደቦኛ ከንፈሩን እየላሰ ቆሞ አየ። ወይዘሮ ሄለን ከመኪናው የአፍ መሸፈኛ በካርቶን አወረዱ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከሰው አፍ ላይ እያሰሩ ዞሩ። ሰብለ የአባቷን ጥምጣም በጠላ አርጥባ ቀስ ብላ ፈታችላቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ራሳቸውን ገልጠው አይታቸው አታውቅም። ጢማቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላቸው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሕፃን ዝም አሉላት።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ፣ ስባሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለጥልቅ ጉድጓድ ሲዘጋጅ፣ ሰብለ ጌሾ የነካው ቀሚሷን ይዛ ወደ ወይዘሮ ሄለን ቀረበች።

"ዛሬ ፈተና የለም" አሏት። "የምትገመግሚው ሙሉ ጣራ የለማ።"

"ገብቶኛል። ወደቅኩ።"

"ዛሬ አልወደቅሽም" አሉ ወይዘሮ ሄለን። "የወደቅሽው እሑድ ነው። ዛሬ ያየሁትን ዛሬ አይቻለሁ። በሐምሌ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ሌላ ሕንፃ ፈልጊ።" መኪና ውስጥ ገቡና እንደገና ወረዱ። "ከሁሉ በላይ አቧራ የጠጣው ማነው?"

ሰብለ ወደ ቀለሙ አየች። ወይዘሮ ሄለንም አዩት። ተመልሰው መኪናው ውስጥ ገቡ።

በሐምሌ ሰብለ ሞጣ ላይ አንድ አሮጌ መጋዘን ገመገመች። ከደጁ ላገኘችው ዘበኛ ከሰላምታ ቀጥላ ያለችው "አትንኩት" ነበር። አለፈች። ፈቃዱን ሰጧት፤ ስሟ፣ ፎቶዋ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም አለ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ይዛው ብቸና ወረደች።

የተማሪዎቹ ቤት፣ የቀረው ክዳን በጥንቃቄ እየረጠበ ወርዶ፣ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ስትደርስ ዝናቡ ይወርድበታል፤ ጣራው እንደ ከበሮ ይጮኻል። የኔታ ከመሀል ተቀምጠው አፋቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ፤ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰብለን ሲያዩ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ጠረጉላት። ገብታ ተቀመጠች፤ ከውስጥ። ፈቃዱን ሰጠቻቸው። ለረዥም ጊዜ አዩት፤ ዝናቡ እየጮኸ ምን እንዳሉ አልተሰማትም፤ ግንባሯን ሲስሟት ግን ገባት።

ዝናቡ አባራ፤ ምሳ ቀረበ። ሽሮና ቃሪያ ነው። ቀለሙ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲበላ ቆየና የጎረሰውን ሳይውጥ፣ "እንግዲህ ባለፈቃድ ሆንሽ አይደል?" አላት። "እስቲ እኔን ገምግሚኝ። ደህና ነኝ?"

እንደ ቀልድ ነው የጠየቀው። ግን እጁ ከገበታው ላይ ቆመ። የኔታም ማላመጣቸውን አቆሙ።

ሰብለ የምታጽናናበት ቃል ፈለገች። ነበረም። 'ደህና ነህ' ማለት ትችል ነበር፤ ሰው ሁሉ እፎይ ይል ነበር። አንዴ ግማሽ እውነት ተናግራ ያየችውን አይታለች።

"አላውቅም ቀለሙ" አለች። "የአንድ ቀን አቧራ ነው፤ ምንም ላያደርግህ ይችላል። ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ግን አይሆንም ብዬ አልምልልህም። ሃያ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ የሚያውቅ የለም።"

"ሠላሳ ዓመት!" አለ ቀለሙ። "እኔ እንኳ ያኔ ጢሜ ከአባባ ጢም ይረዝማል" ብሎ ሳቀ፣ ቃሪያውን ገመጠ። ገና ሲውጠው ትን አለው። ሳለ። ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ደረቱን እየመታ ሳለ። ተማሪዎቹ ሳቁበት። "የቃሪያ ነው! የቃሪያ ነው!" አለ እሱም በእጁ እያራገበ፣ እየሳቀ፣ ውኃ እንዲሰጡት እየጠቆመ።

ሰብለ አልሳቀችም። ጉርሻዋን ገበታው ላይ መለሰች። ቀለሙ ውኃውን ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ወደ ምግቡ ተመለሰ። እሷ ጆሮዋን አቅንታ ሌላ ሳል ይመጣ እንደ ሆነ ጠበቀች።